ያልተወራረደ ሂሳብ

በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መምህራንን ሰብስበው የሚያቆሙ ማስታወቂያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የመኖሪያ ቤት የደረሳቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። ሁለተኛው «ማኅበረሰብ ተኮር ለሆኑ የምርምር ሥራዎች የገንዘብ ድጋፍ ስለማወዳደር» ይላል። የመጀመሪያው በብዙ ዓመት አንዴ ይወጣል፤ ሁለተኛው ግን እኛ ዘንድ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይለጠፋል። ከሥሩም ሁሌ የማትቀር ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት አሥር ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ...»

ያን ሰሞን ግቢያችንን ብታዩት ትወዱታላችሁ። ለወራት ሰላምታ ያልተለዋወጡ ሰዎች ሻይ ይገባበዛሉ። መመሪያው «ከአንድ በላይ የትምህርት ክፍል የተሳተፈበት መሆን አለበት» ስለሚል የውኃ መሐንዲሱ የሶሺዮሎጂ መምህሩን ናፍቆት ይፈልገዋል። «ሴት ተመራማሪ ላለችበት ቡድን ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል» ስለሚልም በትምህርት ክፍላችን ያለችው አንድ ለእናቷ የሆነች ሴት መምህር በዚያ ሳምንት ስልኳን ትዘጋለች። አንድ ጊዜ «ለመሆኑ ስንት ቡድን ውስጥ ገባሽ?» ብላት «እኔ እንጃ፤ ሲያሸንፉ ይነግሩኛል» አለችኝ።

ከዚያ ቅጹ ይመጣል። ርዕስ፣ የችግሩ መግለጫ፣ ዓላማ፣ የአጠናን ዘዴ፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ በጀት። ወደ መጨረሻው ገደማ ደግሞ «የማኅበረሰቡ ተሳትፎ» የሚል ርዕስ ከአራት ባዶ መስመሮች ጋር ይጠብቃችኋል። እኔ እዚያ ላይ ምን እንደምጽፍ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ምክንያቱም የተዘጋጀ ነገር አለኝ። «ማኅበረሰቡ ከጥናቱ ጅማሬ እስከ ፍጻሜው በንቃት ይሳተፋል፤ የውጤቱም ባለቤት ይሆናል።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ከአንድ ባልደረባዬ ነው የወሰድኳት። እሱም ከሌላ ሰው ነው የወሰዳት። እንደ እድር ድስት ከቤት ቤት ስትዞር የኖረች ናት። የማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም፤ ድግስ በመጣ ቁጥር ግን ትፈለጋለች።

እኔም በ2005 ዓ.ም. በዚህችው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያዬን ድጋፍ አገኘሁ። ከዩኒቨርሲቲያችን የአንድ ሰዓት መንገድ ወደምትርቅ አንዲት ገጠር ቀበሌ ወርደን የመጠጥ ውኃ አጠቃቀምን አጠናን። ስምንት ገጽ መጠይቅ ነበረን። «በቀን ስንት ሊትር ትጠቀማላችሁ?» እንላለን፤ ሰዉ በጀሪካን ይመልስልናል። «ለመቅዳት ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል?» እንላለን፤ «እንደ ወረፋው ነው» ይሉናል። እኛም በግምት ወደ ደቂቃ እንለውጠዋለን። የፈቃደኝነት ቅጹ ላይ አሻራ አድርጉ ስንል ግማሹ ሰው እጁን ሰበሰበ። አሻራ የሚያውቁት በማዳበሪያ ብድር ነዋ! «ይኼ ደግሞ መቼ ነው የሚከፈለው?» ያለን ሰው አልጠፋም። እኛ ስቀን አለፍን። ጥያቄው ቀልድ እንዳልነበረ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ጥናቱ ተጠናቀቀ፤ በአንድ የውጭ መጽሔት ላይ ታተመ። እሱ ከሌሎች ነጥቦች ጋር ተደምሮ ረዳት ፕሮፌሰር አደረገኝ። ወደዚያች ቀበሌ አልተመለስኩም። የምመለስበት ጉዳይ አልነበረኝም፤ ማለቴ፣ በቅጹ ላይ አልነበረም።

በ2009 ኅዳር ላይ ማስታወቂያው እንደ ልማዱ ተለጠፈ። እኛም «የገጠር መጠጥ ውኃ ተቋማትን ዘላቂነት የሚወስኑ ሁኔታዎች ትንተና» የሚል፣ ሲያነቡት ትንፋሽ የሚያሳጥር ርዕስ አዘጋጀን። የጥናቱ ቦታ ያችው ቀበሌ እንድትሆን ተስማማን። ቅርብ ናት፣ መነሻ መረጃም አለን። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ ከቀበሌው ክብ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ። ቀነ ገደቡ ሦስት ቀን ሲቀረው እሱን ላስጽፍ ወረድኩ።

ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ሄደዋል አሉኝ። እስኪመጡ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው የእጅ ፓምፕ አጠገብ ቆምኩ። ፓምፗ በሽቦ ታስራለች። እጀታዋ ላይ ሸረሪት አድርቷል። ሁለት ጀሪካን የጫነች አህያ የሚነዱ እናት ወደ ወንዙ ሲወርዱ አዩኝና ቆሙ።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ያ ጸሐፊው ልጅ አይደለህም?»

ነኝ አልኩ። ደስም አለኝ። ከአራት ዓመት በኋላ መታወስ ቀላል ነገር አይደለም።

«ያን ጊዜ ስንት ጀሪካን እንደምቀዳ ጠየቅከኝ። ሦስት አልኩህ፤ ጻፍክ። ታዲያ የት ደረሰ?»

«መጽሔት ላይ ወጣ እማማ።»

«ወረዳ አነበቡት?»

«አይ፤ የውጭ አገር መጽሔት ነው። በእንግሊዝኛ።»

ጥቂት ዝም አሉ። አልተቆጡም። እንዲያውም ለልጅ እንደሚያስረዱ ረጋ ብለው ነበር የተናገሩት።

«እኔ የዚች ውኃ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ከየቤቱ በወር ሁለት ሁለት ብር እሰበስባለሁ። ወር በገባ በ12፣ በሚካኤል፣ ሰው ቅዳሴ አስቀድሶ ሲወጣ ደጁ ላይ ቆሜ ይኸን ያህል ገባ፣ ይኸን ያህል ወጣ፣ ይኸን ያህል አለ ብዬ እናገራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። አንድ ወር ሳልናገር ባልፍ በማግስቱ ሁለት ብር የሚሰጠኝ የለም። አንተ የኛን ቃል ሰብስበህ ሄደህ ለማን ተናገርክ?»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ሁለት ዲግሪ አለኝ። በስብሰባ ላይ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን የማየው ጠፍቶኝ አህያዋን አየሁ።

«ደግሞ ልትጽፍ ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው እኔ የምጠይቅህን ጻፍ። ብር አለን፤ ተቋጥሮ ተቀምጧል። ፓምፗን ፈትቶ የሚገጥም የሠለጠነ ልጅ አለን። ያለቀችው ጎማዋ ናት። ጎማዋ የት ትሸጣለች? ገበያው ሁሉ የለም። እሷን ፈልገህ ንገረን።»

አፍሪዴቭ የሚባለው ይህ የፓምፕ ዓይነት ከመነሻው የተሠራው የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ለመፍታት አንድ ቁልፍ ይበቃዋል። በእጅ ስናወርድና ስናነሣ ከውስጥ ውኃውን የሚያፍነው አነስተኛ የጎማ ቀለበት ግን ሥራው በመታሸት ነውና ያልቃል። ሲያልቅ ይለወጣል። ካልተለወጠ ያ ሁሉ ቁፋሮ፣ ያ ሁሉ ሲሚንቶ፣ ያ ሁሉ የምረቃ ጭብጨባ በአንዲት ጎማ ምክንያት ይቆማል። በቦርሳዬ የያዝኩት የሦስት ገጽ የችግር መግለጫ ስለ ዘላቂነት ጽንሰ ሐሳብ ብዙ ይላል። «ጎማ» የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለውም።

ማኅተሙን ሳላስመታ ተመለስኩ። በመንገዴ ላይ ሲያብሰለስለኝ የነበረው ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምነግራቸው አንድ ታሪክ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ብልሃርዝያ ለማጥናት አድዋ ነበሩ። የበሽታው ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከዚያች አንዲት ምልከታ የዓመታት ምርምር ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራ ኢንስቲትዩት አለ። እኔ ይህን ስተርክ ሁሌ የማጎላው የሊቁን ዓይን ነበር። ያን ቀን ግን የታየኝ የአጣቢዎቹ እጅ ነው። ዕውቀቱ መጀመሪያ የነበረው እዚያ ነበር። የሊቁ ትልቅነት ወንዝ ዳር ወርደው ማየታቸው ነው።

ደግሞ ነገሩ ለአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ እያወረደ ያሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። ብዙ የገጠር ልጅ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊይዝ የተቃረበ ሰው ያየው በዚያ ነው። ቡታጅራ አካባቢ ደግሞ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትና ሞትን፣ መጪና ሄያጁን ለዓመታት ሲመዘግብ ቆይቷል። ጅማም «ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት» የሚለውን መለያው አድርጎ ተማሪዎቹን በየመንደሩ አሠማርቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152ም ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማር እኩል የዩኒቨርሲቲ ሥራ ያደርጋቸዋል።

እንግዲህ መውረዱንስ እናውቅበታለን። ችግሩ ይዞ መመለሱ ላይ ነው። እንወርዳለን፣ እንጠይቃለን፣ እንወጣለን። ከወጣን በኋላ ያቺ መንደር የምታውቀው የመኪናችንን አቧራ ብቻ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። በቀሩት ሁለት ቀናት ማመልከቻውን ከሥሩ ጻፍነው። ርዕሱ አጠረ፦ «የእጅ ፓምፕ መለዋወጫ ከአስመጪው እስከ መንደሩ የሚጓዝበት መንገድና የሚቆምበት ቦታ»። የማኅበረሰቡ ተሳትፎ በሚለው ሥር ያቺን የእድር ድስት ትቼ «ጥያቄው የቀበሌው የውኃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በጀቱ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «ውጤቱን በቀበሌው ለነዋሪው ማሳወቂያ፣ ዳቦና ቡና፣ 3,000 ብር»።

የአሥር ደቂቃ ገለጻ አድርግ ተባልኩና ገምጋሚዎች ፊት ቀረብኩ።

«የምርምር ክፍተቱ የታለ?» አሉኝ አንዱ።

ክፍተቱማ ፓምፗ ውስጥ ነው ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«ይኼ ጥናት ነው ወይስ የዕቃ ግዢ?» አሉ ሌላው። ሳቅ ሆነ። እኔም ሳቅሁ።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄያቸው ክፉ አልነበረም። «የመንደሩ ሰው የጠየቀው ነው» ማለት ብቻውን ጥናት አያደርገውም። ዘዴ ያስፈልገዋል፤ አንዲት ፓምፕ ስለ ሌሎቹ ምን እንደምትነግረን ማሳየት ያስፈልጋል። በእነሱ ግፊት ጎረቤት ቀበሌዎችን ጨመርን፤ ጥናቱም ተሻሻለ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ለዚያ ሁሉ ጥያቄ ጊዜ ሲገኝ «ውጤቱን ለማን ትመልሳለህ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

አለፍን። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ውጤቱ መጋቢት ላይ ተነገረ። ውሉ ተፈረመ፤ 80,000 ብር። ገንዘቡ በሦስት ዙር ይለቀቃል፤ የመጀመሪያው ካልተወራረደ ሁለተኛው አይለቀቅም። የመጀመሪያው ዙር እጄ የገባው ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ነው። በጀት ዓመቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልሠራህበት ብር ተመላሽ ነው። ስለዚህ የገጠር ጥናት በአገራችን የሚሠራው ገበሬው በሬ ጠምዶ በሚሮጥበት፣ መንገዱ በሚጨቀይበት፣ ማንም ቆሞ ሊያወራህ በማይችልበት ሰኔ ላይ ነው። ተመራማሪው ደረሰኝ ያሳድዳል፤ ገበሬው ዝናብ ያሳድዳል። ሁለቱም መቆም አይችሉም።

ያቺ የዳቦና የቡና መስመር ግን ከሂሳብ ክፍል አላለፈችም። ሂሳብ ሠራተኛዋ በትሕትና አስረዱኝ። አንደኛ፣ የሂሳብ መደብ የላትም። ሁለተኛ፣ መንደር ውስጥ ዳቦ የምትጋግር ሴት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው ደረሰኝ አትሰጥም።

«ከፈለጉ ግን የውጤት ማስተዋወቂያ ዎርክሾፕ በሆቴል አዳራሽ ማድረግ ይችላሉ። ለእሱ መደብ አለው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብስቡ» አሉኝ።

አስቡት እንግዲህ። ስለ ውኃ እጦት ያጠናነውን በከተማ አዳራሽ፣ ባነር ሰቅለን፣ ለእያንዳንዱ ተጋባዥ የታሸገ ውኃ ደርድረን ብንናገር ሕጋዊ ነው። ውኃ ላጡት፣ ውኃ ባጡበት ቦታ ብንናገር ሰነድ የለውም።

ሠራተኛዋን አልወቅስም። እሳቸው ያን ወንበር ሲይዙ የተቀበሉት ስንት የፈጠራ ደረሰኝ እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። እኛ መምህራንስ ብንሆን? አበሉ እንዲሞላ የስድስት ቀኑን ሥራ ስምንት አድርጌ የጻፍኩበት ጊዜ የለም ብዬ አልምልም። ሕጉ እንዲህ የጠበበው በእኛው ነው። ጦሱ ግን ለገንዘብ ያዥዋ ተረፈ።

እንደምንም ብለን ሠራን። ጎማዋን ተከትለን ከመንደሯ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ አስመጪ ነጋዴ ተጓዝን። የት አገኘናት ትሉኝ ይሆናል። ወረዳ ላይ! በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል፣ መደርደሪያ ላይ፣ ፕላስቲኳ ሳይቀደድ በሳጥን ተቀምጣ። አንድ ፕሮጀክት አምጥቶ በሞዴል 19 ገቢ አስደርጓት ሄዷል። እንድትወጣ ሞዴል 22 ያስፈልጋታል። ሞዴል 22 የሚሠራው ለጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ እንጂ ለመንደር ኮሚቴ አይደለም። በብር እንግዛት ቢሉ ጽሕፈት ቤቱ ሱቅ አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃ መሸጥ አይችልም። ባለሙያው ራሱ ወርዶ እንዳይገጥምላቸው ሞተር ብስክሌቱ ነዳጅ የለውም። እያንዳንዱ ሰው ያለውን ሕግ አክብሯል። ሁሉም ሕግ በተከበረበት መካከል ፓምፗ ቆመች።

ዘገባው በእንግሊዝኛ ተጻፈ፤ ገባ። ሂሳቡ በሰኔ መጨረሻ ሳምንት ተወራረደ። «ከማንኛውም ተሰብሳቢ ሂሳብ ነፃ ነው» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ።

ወረቀቱን ይዤ ክረምቱን አሳለፍኩ። ውስጤ ግን ነፃ አልሆነም። ኅዳር ሲመጣ፣ አዲሱ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት፣ ጥናቱን በሁለት ገጽ አማርኛ አሳጥሬ ጻፍኩ። ይገርማችኋል፤ ሃያ አምስት ገጹን እንግሊዝኛ ከጻፍኩበት ጊዜ የበለጠ የፈጀብኝ ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ «የተቋማት ቅንጅት ጉድለት» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ገንዘብ ያዥዋ ግን «እሱ ምንድን ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ማን ለማን ምን እንዳልሰጠ በግልጽ መጻፍ ነበረብኝ። በዚያ ላይ ይህ ሁለት ገጽ ለደረጃ ዕድገት አንድ ነጥብ እንኳን አይቆጠርም።

ኅዳር 12 ቀን 2010፣ በዓመታዊው ሚካኤል፣ በራሴ ወጪ ወረድኩ። ዳቦውን ከከተማ ገዛሁ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም።

ሕዝቡ አስቀድሶ ሲወጣ ገንዘብ ያዥዋ እንደ ልማዳቸው ዛፉ ሥር ቆሙ። ልጃቸው ደብተሯን ገለጠች። ይኸን ያህል ገባ፣ ይኸን ያህል ወጣ፣ ይኸን ያህል አለ። ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። ሰዉ «እሰይ፣ ይበርክት» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሩና «አሁን ደግሞ ጸሐፊው የራሱን ይናገር» አሉ።

ተናገርኩ። ጎማዋ ወረዳ መኖሯን ስነግራቸው ጉርምርምታ ሆነ።

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡና «ማለት ብሩ እኛ ጋ፣ ጎማው እነሱ ጋ። መሐል ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ወረቀት» አልኩ።

ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ «እንግዲያው ወረቀቱን እናጽፍ» አሉ። ምን ዓይነት ደብዳቤ ለማን እንደሚጻፍ እዚያው መመካከር ተጀመረ። ጎማዋ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ በኩል ብትሸጥ ገንዘቡም ደረሰኙም ሕጋዊ እንደሚሆን ያሰበው ከእነሱ አንዱ ነው። እኛ በሃያ አምስት ገጽ አላሰብነውም ነበር።

ነገሬን ልጨርስ ስል የ2005ቱንም ጥናት አነሣሁ። የቆየ ዕዳ ነውና አብሮ ይከፈል ብዬ። «ያኔ ያገኘነው፣ ግማሹ ሰው ፓምፕ እያለ ወደ ወንዝ የሚወርደው ስለ ንጹሕ ውኃ ጥቅም የግንዛቤ እጥረት ስላለ መሆኑን ነው» አልኩ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ወጣት እናት «ኧረ እሱስ አይደለም» አለች። «ወንዝ የምንወርደው ለልብስና ለከብቱ ነው። ለመጠጥ ከፓምፗ ነው የምንቀዳው። ጎማዋ ቶሎ እንዳታልቅ እኮ ተስማምተን ነው። ያኔ ወዴት ትወርዳላችሁ አላችሁን፤ ለምን ብላችሁ ግን አልጠየቃችሁንም።»

መጠይቁን በዓይነ ሕሊናዬ ገለጥኩት። ስምንት ገጽ። «ከየት ትቀዳላችሁ?» ይላል። «ለምን?» አይልም። ምክንያቱን ከቢሯችን ሆነን እኛው ሞልተነዋል። ያቺን ጎማ ለማትረፍ አንድ መንደር ሙሉ ሥርዓት አውጥቶ ሲጠብቃት፣ እኛ «ግንዛቤ የላቸውም» ብለን ለዓለም አሳተምን። እኔም በዚያ ጽሑፍ ማዕረግ አገኘሁ። በ2005 ዓ.ም. አንድ ቀን ተመልሼ ብናገር ኖሮ በግማሽ ሰዓት ይታረም ነበር። አሁን ልጠይቃችሁ፦ ግንዛቤ የጎደለው ማን ነበር?

ከስድስት ወር በኋላ በዚያ ሳልፍ ጎማዋ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሱቅ፣ ከጨውና ከባትሪ ድንጋይ አጠገብ ተሰቅላ አየኋት። የጥናቴ ውጤት ነው ብዬ አልፎክርም። ደብዳቤ ይዘው ወረዳ ድረስ ሦስት ጊዜ የተመላለሱት እነሱ ናቸው። የእኔ ድርሻ ዕቃው የት እንዳለ መናገር ነበር። ግን እሱም ቢሆን ሳይናገሩት ድርሻ አይሆንም።

ዛሬ እኔም በተራዬ ገምጋሚ ሆኛለሁ። ማመልከቻ ሲመጣልኝ ከመጨረሻው ገጽ ነው የምጀምረው። «ማኅበረሰቡ በንቃት ይሳተፋል» የሚለውን ሳገኝ የእድር ድስቷን አስታውስና ከጎኑ ሁለት ጥያቄ እጽፋለሁ፦ ጥያቄው የማን ነው? መልሱን በየትኛው ቀን፣ የት ቦታ፣ በየትኛው ቋንቋ ትመልሱታላችሁ? አንዳንዱ ይናደድብኛል። አንዳንዱ ግን ከሳምንት በኋላ ሌላ ማመልከቻ ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ርዕሱ አጥሮ ነው የሚመጣው።

ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የምለው ከዚህ አይበዛም። ለመመለሻው አንዲት የሂሳብ መደብ ክፈቱ፤ ዛፍ ሥር የሚበላ ዳቦን የሚያስተናግድ የሰነድ ዓይነት አይጠፋም፤ የቀበሌው ማኅተምና የሦስት ምስክር ፊርማ ይበቃል። የመጨረሻው ዙር ገንዘብ ውጤቱ ለባለቤቱ ሲነገር ይለቀቅ። ሁለት ገጽ አማርኛ፣ ወይም ሁለት ገጽ በየአካባቢው ቋንቋ፣ ለዕድገት ትንሽ ነጥብ ይኑራት። ሦስቱም ቢደረጉ ካዝና አያራቁቱም።

የራሴንስ ነገር? ሂሳብ ክፍሉ የሰጠኝ የነፃነት ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የ2005ቱ ጥናት ግን አሁንም እንደታተመ አለ፤ የሚያነበው ሁሉ የዚያች መንደር ሴቶች ውኃ የማይለዩ እየመሰለው ይጠቅሰዋል። ለመጽሔቱ የማስተካከያ ደብዳቤ ጀምሬ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ፤ በገዛ እጅ የራስን ማዕረግ መነቅነቅ ቀላል አይደለም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም እንደ ገንዘብ ያዥዋ በሰው ፊት ከተናገርኩ በኋላ ወደኋላ ማለት አይቻለኝም ብዬ ነው። ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይላካል። እስከዚያው ሂሳቤ አልተወራረደም።